ዳላስ አዲስ ገቢ ነኝ፤ የቴክሳስን ሀይዌይ የሚያስረዳኝ ሰው አለ?

አዲስ_ገቢ፦
ሰላም የመድረኩ ቤተሰቦች። ከሜሪላንድ ለቅቀን ጋርላንድ ከገባን ብዙም አልቆየን። ቤቱም ሰፈሩም ተመችቶናል፤ እንጀራውም ቡናውም በሽ ነው። መንገዱ ግን አልገባኝም። ሲልቨር ስፕሪንግ እያለሁ 495 ሀይዌይን ዓይኔን ጨፍኜ ነበር የምነዳው። እዚህ ጂፒኤሱ «ውጣ» ይለኛል፣ እወጣለሁ፣ ከሀይዌዩ ጎን ለጎን የሚሄድ ሌላ ሰፊ መንገድ ላይ ራሴን አገኘዋለሁ። ከዚያ መብራት፣ ከመብራቱ በኋላ ደግሞ «ተመልሰህ ግባ»! ኤግዚቱ ራሱ እኔ የምፈልገው ጎዳና ሳይቀርብ አንድ ጎዳና ቀድሞ ነው የሚመጣው። 35 የሚሉት መንገድ ኢስትም ዌስትም አለው፤ ሁለቱም የሚሄዱት ወደ ሰሜን ነው። ኤፍኤም የሚል ምልክት በየቦታው ተተክሏል። የቶሉን፣ የሚከፈልበትን መንገድማ ተዉት።

የዴሊቨሪ ሥራ ልጀምር አስቤያለሁ። ከመጀመሬ በፊት ነገሩ በደንብ ቢገባኝ ብዬ ነው። የምታውቁ እስቲ አካፍሉኝ።

የ18_ጎማ_ሹፌር፦
እንኳን ደህና መጣህ ወንድሜ። መጀመሪያ ቁጥሩን ያዝ። ጎዶሎው ደቡብና ሰሜን ያገናኛል፣ ጥንዱ ምሥራቅና ምዕራብ። አይ ማለት ኢንተርስቴት ነው፤ አይ-35፣ አይ-45 ወደ ላይ ናቸው። አይ-10፣ 20፣ 30፣ 40 ወደ ጎን። ይሄ መላው አሜሪካ አንድ ነው። የኤግዚት ቁጥር ማለት ማይሉ ነው፤ ከደቡብ ወይም ከምዕራብ ጫፍ ከዜሮ ይነሣል። አይ-10 ከኒው ሜክሲኮ ድንበር ዜሮ ብሎ ይጀምርና ሉዊዚያና ሊገባ ሲል 880 ይደርሳል። በአንድ ስቴት ውስጥ እንዲህ የሚረዝም ሌላ ኢንተርስቴት የለም። ከሉዊዚያና ስትመጣ ኦሬንጅ ከተማ ላይ «ቦሞንት 23፣ ኤል ፓሶ 857» የሚል ሰሌዳ ይቀበልሃል። ኤል ፓሶ ደርሰህ ሎስ አንጀለስ ድረስ ልቀጥል ብትል የሚቀርህ 800 ማይል ገደማ ነው። ቴክሳስን መጨረስ ከዚያ ይረዝማል። እኔ ያንን ሰሌዳ ባየሁ ቁጥር ቡና እጨምራለሁ።

35 ሂልስቦሮ ላይ ለሁለት ይከፈላል። ኢስቱ በዳላስ፣ ዌስቱ በፎርት ዎርዝ ያልፍና ዴንተን ላይ ይገናኛሉ። ከላሬዶ ሲቆጠር የመጣው ማይል የሚቀጥለው በኢስቱ ነው። ዌስቱ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። ስለዚህ ዲስፓቸር፣ ሥራ የሚያዝህ ሰው፣ «35 ላይ ኤግዚት ስንት» ብቻ ብሎ ሊዘጋው ሲል የትኛው 35 ብለህ ያዘው።

ሚኒሶታዋ፦
ሃሃ፣ የኛስ? እኛም ጋ ዌስቱ ሚኒያፖሊስ፣ ኢስቱ ሴንት ፖል ነው። ያው መንገድ እኮ ነው፤ ከላሬዶ ዱሉዝ ድረስ አንድ ነው። አዲስ ገቢ፣ ሴንት ፖል ዘመድ ካለህ ከዳላስ ተነሥተህ ቁጥር ሳትቀይር ትደርሳለህ። በብርዱ ወራት ግን አትሞክራት።

አስፋልት፦
እኔ በሙያዬ ሲቪል መሐንዲስ ነኝ፣ መንገድ ላይ ነው የምሠራው። ቁጥሩን ወንድማችን ጨርሶታል። አዲስ ገቢን ያስቸገረው ግን ቁጥሩ አይመስለኝም። «ጎን ለጎን የሚሄደው ሌላ መንገድ» ያልከው ሰርቪስ ሮድ ነው። ሂዩስተኖች ፊደር ይሉታል። እሱ ከገባህ ቴክሳስ ገባህ፤ ስለዚህ ትንሽ ላስረዝመው።

ሜሪላንድ ውስጥ ፍሪዌይ ዳርና ዳሩ ዛፍና ግንብ ነው። ሱቅ የፈለገ ወጥቶ ሌላ ጎዳና ላይ ይፈልጋል። ቴክሳስ ግን በፍሪዌዩ ግራና ቀኝ መንገድ ሠራ። ሱቁም፣ ሆቴሉም፣ መኪና መሸጫውም፣ ቸርቹም በሩን ወደዚያ ከፈተ። ምክንያቱ ገንዘብ ነው። ፍሪዌይ በአንድ ሰው ደጃፍ ሲያልፍ ባለመሬቱ ወደ መንገዱ መውጫ ያጣል። መውጫ ከከለከልከው ደግሞ ካሳ ይገባዋል። የስቴቱ መሐንዲሶች ሲያሰሉት፣ ካሳ ከመክፈል የጎን መንገድ ሠርቶ መስጠቱ ረከሰ። ባለመሬቱም አልከፋውም። ትናንት የበቆሎ ማሳ የነበረው ቦታ ዛሬ ማደያ የሚከፈትበት ሆነለት። መሬቱን በነፃ የሰጠም ነበር። ያኔ የመንገድ መሥሪያ ቤቱን ይመሩ የነበሩት ዴዊት ግሪር ናቸው፤ ከ1940 እስከ 1960ዎቹ መጨረሻ ድረስ ወንበሩ ላይ ነበሩ። ዛሬ የምንነዳበት አብዛኛው ነገር በሳቸው ዘመን የተሰመረ ነው።

አሁን ወደ አነዳዱ። ከተማ ውስጥ ሰርቪስ ሮዱ ባለ አንድ አቅጣጫ ነው፤ አጠገቡ ያለው ሀይዌይ ወደሚሄድበት ይሄዳል። የምትፈልገው ሱቅ ከሀይዌዩ ወዲያ ማዶ ከሆነ መዞር አለብህ። ለዚህ ነው ድልድዩ ሥር፣ ከመብራቱ ቀድሞ፣ በግራ ጥግ ዩ-ተርን ብቻ የሚደረግበት ሌን ያለው። መብራት አይነካህም። ጥግህን ይዘህ ትዞራለህ፣ ወዲያኛው ሰርቪስ ሮድ ላይ ነህ። ስትወጣ በቀኝህ ከኋላ የሚመጣውን ብቻ እይ።

ኤግዚቱ ቀድሞ የሚመጣው ደግሞ መውጫና መግቢያው ቦታ ስለተለዋወጡ ነው። በሌላ ስቴት ከአንዱ ጎዳና መግቢያው ይቀድማል፣ የቀጣዩ ጎዳና መውጫ ይከተላል። እዚህ ብዙ ቦታ ላይ መውጫው ቀድሞ፣ መግቢያው ኋላ ነው። ይህ የተደረገው የሚወጣውና የሚገባው መኪና ሀይዌዩ ላይ እንዳይጠላለፍ ነው፤ መጠላለፉ ወደ ሰርቪስ ሮዱ ይወርዳል። ስለዚህ የጎዳናህን ስም ሰሌዳ ላይ ስታይ ሩቅ ነው ብለህ አትዘናጋ። ያኔውኑ ውጣ።

አንድ ነገር አትርሳ። ሰርቪስ ሮድ ላይ እየነዳህ ከሀይዌዩ የሚወርድ መኪና ከመጣ ቅድሚያው የሱ ነው። ሕግ ነው። የይልድ ምልክቱ የተተከለው ላንተ ነው። ገጠር ስትወጣ ደግሞ አንዳንዱ ሰርቪስ ሮድ ባለ ሁለት አቅጣጫ ይሆናል። ከሀይዌይ የወረደው ሰው 70 ይዞ ፊት ለፊትህ ሊመጣ ይችላል።

አዲስ_ገቢ፦
እግዜር ይስጥልኝ! ሆም ዲፖው እዚያ ማዶ እየታየኝ መድረስ ያቃተኝ ለዚህ ነዋ። ዩ-ተርኗን ዛሬ ማታ ሄጄ እሞክራታለሁ።

ጋሽ_ቲ፦
ልጄ እንኳን ደህና መጣህ። እኔ ዳላስ የገባሁት በ80ዎቹ ነው። ያኔ 75፣ ሴንትራል የምንለው፣ በያንዳንዱ አቅጣጫ ሁለት ሌን ብቻ ነበረው። መግቢያው ከማጠሩ የተነሣ መንደርደሪያ የለም። ቆመህ ትጠብቃለህ፣ ክፍተት ስታገኝ በስመአብ ብለህ ነዳጁን ትረግጣለህ። በ1990 ማፍረስ ጀመሩ፣ ያለቀው በ1999 ነው። አንድ ትውልድ ልጅ አሳደግን መንገዱ ሳያልቅ።

ሲቆፍሩ መቃብር ወጣ። ከባርነት ነፃ የወጡት ጥቁሮች ዘመድ አዝማድ የሚቀብሩበት፣ ፍሪድመንስ የሚባለው መቃብር ነው። በ1940ዎቹ የመጀመሪያውን መንገድ ሲሠሩ በላዩ ላይ አስፋልት አልብሰውበት ኖሯል። በ1990ዎቹ ከ1,100 በላይ አፅም አንድ በአንድ አውጥተው በክብር አሳረፉት። ሌመን ጎዳና ሴንትራልን በሚያገኝበት ጥግ መታሰቢያ ቆሞለታል። እኔ ሳላማትብ አላልፍም። እናንተም ስትፈጥኑ ከምን ላይ እንደምትፈጥኑ እወቁ ብዬ ነው።

ሮማን_ፕሌኖ፦
ጋሽ ቲ ይህን አላውቅም ነበር። በዚያ መንገድ ሥራ ስሄድ ዓመታት አልፈውኛል።

አስፋልት፦
ጋሽዬ በጣም ትልቅ ነገር አነሡ። አንድ ልጨምርልዎት። ሴንትራል ራሱ የተሠራው ባቡር በነበረበት መስመር ላይ ነው። ሐዲዱን ነቅለው ነው። ሂዩስተንም እንደዚያው። የቴክሳስ የመጀመሪያ ፍሪዌይ የሚባለው ጋልፍ ፍሪዌይ፣ በ1948 የተከፈተው፣ የዛሬው አይ-45 አካል፣ ሂዩስተንን ከጋልቬስተን ጋር ያገናኝ በነበረው የኤሌክትሪክ ባቡር መስመር ላይ ነው የተዘረጋው። ዳላስ ኖርዝ ቶልዌይም የባቡር ቦታ ነበር። አይ-10 ሂዩስተን አጠገብ ኬቲ ጋ ሲሰፋም አጠገቡ የነበረው አሮጌ ሐዲድ ተነሥቶ ነው ቦታ የተገኘው። አሁን ደግሞ ዳርት የሚባለው የዳላስ የከተማ ባቡር ለጥቂት ማይል ሴንትራል ሥር ዋሻ ውስጥ ይሄዳል። ባቡሩን ከላይ ነቅለን ከታች ቀበርነው።

ሂዩስተኗ፦
ኬቲን ካነሣችሁማ እኔ አለሁ። እኛ ከተማ ሦስት ቀለበት አለን። ውስጠኛው 610፣ መካከለኛው ቤልትዌይ 8፣ ውጪኛው 99፣ ግራንድ ፓርክዌይ። የመጨረሻው ገና አልገጠመም፤ ሲያልቅ ወደ 180 ማይል ይሆናል። የአዲስ አበባን ቀለበት መንገድ ለሚያውቅ ሰው፣ እሱን እያሰፋ እያሰፋ ያስበው።

አይ-10 ወደ ኬቲ የሚወስደው በ2008 ተስፋፍቶ አለቀ። 2.8 ቢሊዮን ዶላር ወጣበት። በጣም ሰፊው ቦታ ላይ ፊደሩን ጨምራችሁ ብትቆጥሩ 26 ሌን ነው። እንግዳ ሲመጣልን ወስደን እናሳይ ነበር፣ እንደ ሐውልት። ጥቂት ዓመት በደንብ ሄደ። ከዚያ ሞላ። አሁን ማታ 5 ሰዓት ተኩል ላይ፣ በአሜሪካ ሰዓት ማለቴ ነው፣ ሃያ ስድስቱም ሌን ላይ ቀይ መብራት ነው የሚታየው።

የ18_ጎማ_ሹፌር፦
እህቴ፣ ባይሰፋስ ኖሮ? ሕዝቡ በየዓመቱ ይጎርፋል። ወደቡ ላይ የሚራገፈው ኮንቴይነር በምን ይውጣ? በጀርባችን? መስፋት አለበት። ያልሰፋውን ማየት ከፈለግሽ ኦስቲን ሂጂ። አይ-35 መሀል ከተማው ላይ የሚበላኝን ሰዓት ለቤተሰቤ ብሰጠው ኖሮ ልጆቼ ፊቴን አይረሱም ነበር።

ሂዩስተኗ፦
እኔ ልንገርህ። እኔና ባለቤቴ ኬቲ ቤት የገዛነው መንገዱ ስለሰፋ ነው። «ከመሀል ከተማ ግማሽ ሰዓት» ብሎ ነው ሻጩ ያሳመነን፤ ያኔ ደግሞ እውነቱን ነበር። ጎረቤታችንም እንደዚያው፣ የሱ ጎረቤትም እንደዚያው። መንገዱን የሞላነው እኛው ነን። ከሌላ ፕላኔት የመጣ ሰው የለም።

አስፋልት፦
እኛ ሙያ ውስጥ ሂዩስተኗ ያለችው በጣም የታወቀ ነገር ነው። መንገድ ሲሰፋ ሰው ርቆ ይሠፍራል፣ ሥራውንና ቤቱን ያራርቃል፣ በሌላ ሰዓት ይወጣ የነበረውም ወደ ዋናው ሰዓት ይመለሳል። የጭነቱ ነገር ግን የ18 ጎማው ልክ ነው። ላሬዶ ላይ ከሜክሲኮ የሚገባው ትራክ ብዛት በየብስ ድንበር ተወዳዳሪ የለውም። ያ ሁሉ ሳን አንቶኒዮ፣ ኦስቲን፣ ዳላስ እያለ በአንድ 35 ላይ ነው የሚንጠለጠለው። ለሱ ባቡር ወይም ማለፊያ መንገድ ሲጎድል ለሥራ የሚሄደውና ጭነት የያዘው በአንድ ሌን ይጋፋሉ።

ኦስቲን ላይ እኮ 35 ከከተማው መሀል ነው የሚያልፈው። በ1962 ሲከፈት ኢስት አቬኑ የሚባለውን ሰፊ ጎዳና በልቶ ነው፤ ጥቁሩና ሜክሲኳዊው የሚኖርበትን ምሥራቁን ክፍል ከመሀል ከተማው ቆረጠው። በ1975 ደግሞ ቦታ ሲጠብ ከላይ ሁለተኛ ፎቅ ሠሩበት። ከ2024 ጀምሮ እሱን ለማፍረስና መንገዱን ወደ መሬት ውስጥ ዝቅ ለማድረግ ሥራ ተጀምሯል። ሌኑም ይጨመርበታል። ስለዚህ ክርክራችሁ ገና ብዙ ዓመት ይኖራል።

ሳን_አንቶኒዮ_210፦
ኦስቲንን መሸሽ የሚፈልግ በ130 ይዙር። ከሰሜን ጆርጅታውን አካባቢ ተነሥቶ ሴጊን ድረስ ነው። ቶል ነው፣ ግን የደቡቡ ክፍል ስፒድ ሊሚቱ 85 ነው። አሜሪካ ውስጥ ከዚያ የሚበልጥ የለም። በ2012 ሲከፈት በመጀመሪያዋ ሌሊት የዱር አሳማ መንገዱ ላይ እየገባ መኪና ያጋጨ ነበር። ያንን የደቡቡን ክፍል የያዘው ኩባንያ በ2016 ኪሳራ አወጀ፤ የሚነዳበት ሰው እንደታሰበው አልመጣም። ዛሬም ሰፊና ጭር ያለ ነው። ሌሊት ግን 85 አትንዱ፣ አሳማው አሁንም አለ።

አዲስ_ገቢ፦
ቶል ከተነሣ አይቀር፣ ምን ይሻለኛል? እዚህ አካባቢ ገንዘብ የሚቀበል ሰው የለም፣ ጎጆውም የለም። ሳላውቀው ገብቼ ወጥቻለሁ።

ሮማን_ፕሌኖ፦
ዛሬውኑ ታግ፣ መኪናው ላይ የሚለጠፈውን የቶል መክፈያ፣ አውጣ። ቶልታግ ይሁን ኢዚ ታግ፣ ሁለቱም መላው ቴክሳስ ላይ ይሠራሉ፤ ኦክላሆማና ካንሳስም ያልፋሉ። የሜሪላንዱ ኢዚ ፓስ ግን እዚህ አይሠራልህም። ታግ ከሌለህ ካሜራው ታርጋህን ያነሣና ቢል በፖስታ ይልክልሃል፤ ዋጋውም በጣም ይበልጣል። የአክስቴ ልጅ ቢሉ በድሮ አድራሻው ሲላክ ከርሞ፣ ቅጣት በቅጣት ላይ ተደርቦ፣ አንድ ቀን በራሱ አድራሻ ሲደርሰው ወንበር ስጡኝ አለ። በዓመት 100 እና ከዚያ በላይ ያልተከፈለ ቶል ያለበት ሰው ሁለት ማስታወቂያ ተልኮለት ዝም ካለ የመኪናውን ሬጅስትሬሽን እስከማገድ ይሄዳሉ። ዴሊቨሪ ለሚሠራ ሰው መቶ ማለት ምንም አይደለም።

እና ታርጋህን ወደ ቴክሳስ ስትቀይር ታጉ ላይም አብረህ ቀይረው።

ጋሽ_ቲ፦
ቶል ድሮም ነበር፣ ግን ያልቅ ነበር። ከዳላስ ፎርት ዎርዝ የሚወስደው፣ ዛሬ አይ-30 የምትሉት፣ በ1957 ሲከፈት ቶል ነበር። ዕዳው ሲያልቅ በ1977 መጨረሻ ላይ ነፃ አደረጉት። ጎጆዎቹን አፈረሱና ሰው በነፃ ነዳ። እኔ አልነበርኩም፣ እዚህ ሀገር ያስጠጉኝ ሰውዬ ነበሩ ያጫወቱኝ። እንደ በዓል ነበር ይሉ ነበር። የአሁኑ ግን አንዱ ዕዳ ሳያልቅ ሌላ መንገድ ይሠሩበታል።

አስፋልት፦
ለዚያ ምክንያት አለው ጋሽዬ። የስቴቱ የነዳጅ ታክስ በጋሎን 20 ሳንቲም ነው። ይህ ቁጥር ከ1991 ጀምሮ አልተነካም። ከሱ ደግሞ ሩቡ ለትምህርት ቤት ነው የሚሄደው፣ ሕገ መንግሥቱ ነው የሚያዘው። አስፋልት፣ ብረት፣ ደመወዝ፣ ሁሉም ሲወደድ 20 ሳንቲሙ ግን እዚያው ቀረ። መኪናውም ነዳጅ የሚቆጥብ ሆነ። ፖለቲከኛ ታክስ ጨመርኩ ማለት አይፈልግም፤ ስለዚህ 2000ዎቹ ላይ ሁሉም ወደ ቶል ሮጠ። ከዚያ ሕዝቡ ቶል ሰለቸውና በ2014 እና በ2015 ድምፅ ሰጥቶ ከነዳጅና ጋዝ ምርት ታክስ፣ ከዚያም ከሽያጭ ታክስ ላይ ለመንገድ ገንዘብ እንዲመደብ አደረገ። የአሁኑ ትልልቅ ሥራ በአብዛኛው በዚያ ነው።

የ18_ጎማ_ሹፌር፦
ኢንጂነር፣ ታዲያ የኤክስፕረስ ሌኑስ፣ ከነፃው ሌን ጎን ያለው የሚከፈልበቱ? ዋጋው በየአምስት ደቂቃው እንደ ዶላር ምንዛሪ የሚለዋወጠው?

አስፋልት፦
እሱ የግል ኩባንያ ገንዘብ ነው። 635 ላይና ፎርት ዎርዝ አካባቢ ያሉት በ2009 በተፈረመ የ52 ዓመት ውል ነው የሚተዳደሩት። መንገዱ እንዳይዘጋጋ ብለው ሰው ሲበዛ ዋጋውን ይጨምራሉ። ሰሌዳው ላይ ያየኸው ዋጋ ነው ሲገባ የሚያዝልህ። ነፃው ሌን ጎኑ አለልህ። እኔ ካልቸኮልኩ አልገባበትም።

አወያይ፦
ወገኖች፣ ስለ ቶል የገዢውና የተቃዋሚው ፓርቲ ክርክር ሊጀመር ሲል አይቻለሁና ሦስት ጽሑፍ አንሥቻለሁ። ወደ መንገዱ እንመለስ።

ሰው_ከዋይሊ፦
ስለ ኤፍኤም ማንም አልመለሰለትም። ሬዲዮ አይደለም ወዳጄ። ገበሬ ምርቱን ወደ ገበያ እንዲያወጣ የተሠራ መንገድ ነው። የመጀመሪያው በ1937 በራስክ ካውንቲ ተሠራ፣ ስድስት ማይል እንኳን አይሞላም። በ1949 ሕግ ወጥቶ በየዓመቱ ገንዘብ ተመደበለትና ገጠሩን አዳረሰ። ዛሬ ከ40,000 ማይል በላይ ሆኗል፤ ስቴቱ ከሚያስተዳድረው 80,000 ማይል ገደማ ግማሹ ማለት ነው። ወደ ምዕራብ ስትሄድ አርኤም ይሆናል፣ የከብት ሀገር ስለሆነ።

የሚገርመው ገበሬው ሸጦ ሄዷል፣ ቁጥሩ ቀርቷል። ኤፍኤም 544 ከኛ ከዋይሊ ተነሥቶ በመርፊ አድርጎ ፕሌኖ ይገባል። ግራና ቀኙ የጥርስ ሐኪምና የመኪና እጥበት ነው። ሂዩስተን ያለው 1960ም ከሱ የባሰ ነው። ዴሊቨሪ ስትሠራ ኤፍኤም አካባቢ ያለውን ትራፊክ አትናቅ፤ ባለ ሁለት ሌን የገጠር መንገድ ሆኖ ሦስት ሺህ አዲስ ቤት የተለጠፈበት ሞልቷል።

ሂዩስተኗ፦
1960 አትበሉኝ፣ እናቴ እዚያ ነው የምትኖረው። 😩

የ18_ጎማ_ሹፌር፦
ለአዲስ ገቢ የመጨረሻ ምክሬ። ስለ በረዶ ነው። ሰው ቴክሳስ ሙቅ ነው ብሎ ይዘናጋል። እዚህ የሚገድለው በረዶ ሳይሆን ውርጭ የሠራው ስስ መስተዋት ነው። አይታይም። መጀመሪያ የሚይዘው ድልድይን ነው፣ ከሥሩም ብርድ ስለሚገባው። ዳላስ ደግሞ ሁሉ ነገሩ ድልድይ ነው። 75 እና 635 የሚገናኙበትን ሃይ ፋይቭ እየው፤ አምስት ፎቅ ማሳለጫ ነው፣ 12 ፎቅ ሕንፃ ያክላል፣ በ2005 ያለቀው። ላይኛው ላይ ሆነህ ንፋሱ ትሬለሩን ሲገፋው ጸሎት ሁሉ ትዝ ይልሃል።

በየካቲት 2021 ፎርት ዎርዝ 35 ዌስት ላይ የሆነውን የሰማ ያውቃል። ማለዳ ነው። ኤክስፕረስ ሌኑ ውስጥ አንዱ ተንሸራተተ፣ ከኋላው ሌላው፣ 133 መኪና ተደራረበ። ስድስት ሰው ሞተ። ግራና ቀኙ የኮንክሪት ግንብ ነው፤ ማምለጫ የለም። ሥራ የሚገቡ ነርሶች ሁሉ ነበሩበት። እኔ በዚያን ሰሞን ጭነት ነበረኝ። ትራክ ስቶፕ አቁሜ ዲስፓቸሩ ሲጮህ ስልኩን ዘጋሁት። «መንገዱ ደርቋል» ሲሉህ ድልድዩን አይተውታል ወይ በል።

ሌላው፣ ፖሊስ ወይም ጎታች መኪና ዳር ቆሞ መብራት ካበራ ሌን ቀይርለት። መቀየር ካልቻልክ ከስፒድ ሊሚቱ 20 ቀንስ። ቲኬቱ አይማርም።

ወደ ኤል ፓሶ ከወረድክ ደግሞ ወረቀትህን ያዝ። ስትመለስ ሴራ ብላንካ ላይ የድንበር ጠባቂ ኬላ አለ። ዜጋ ነህ ወይ ይሉሃል፣ ትመልሳለህ፣ ታልፋለህ። ግሪን ካርዱን ግን ቤት ትተህ አትሂድ።

ሮማን_ፕሌኖ፦
ኧረ አታስፈራሩት! ጥሩም ነገር አለው። ፋሲካ ሰሞን 45ን ይዘህ ወደ ኤኒስ ውረድ። ብሉቦኔት የሚባለው ሰማያዊ አበባ ማሳውን ሞልቶት ታያለህ። የመንገድ መሥሪያ ቤቱ ራሱ በየዓመቱ በመንገድ ዳር የአበባ ዘር ይዘራል፤ አበባው ዘሩን ሳይጥል ሣሩን አያጭዱትም። ሐበሻ ሁሉ ልጁን ነጭ አልብሶ ፎቶ የሚያነሣው እዚያ ነው። ብቻ ሀይዌይ ዳር አታቁም፣ ወደ ውስጥ ግባ፤ እባብም አለ።

አዲስ_ገቢ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ ታግ አዝዣለሁ። ልጆቹ ባሕር አሳየን እያሉኝ ነው። 45ን ይዤ እስከ መጨረሻው ብወርድ ጋልቬስተን ነው አይደል?

ሂዩስተኗ፦
አዎ፣ 45 ከቴክሳስ አይወጣም፤ ከዳላስ ተነሥቶ ጋልቬስተን ደሴት ላይ ያልቃል። ሂዩስተን መሀል ስትደርስ በሥራ ሰዓት አትግባ፤ ቅዳሜ ጠዋት ማልደህ ብታልፍ ይሻላል። ጋልቬስተን ከገባህ በኋላ ልጆቹን ጀልባው ላይ አውጣቸው። ከደሴቱ ወደ ቦሊቫር የሚያሻግረው ጀልባ የ87 ሀይዌይ አካል ነው፤ የስቴቱ የመንገድ መሥሪያ ቤት ነው የሚያንቀሳቅሰው። መኪናህን ይዘህ ትገባለህ፣ ቀንም ሌሊትም ይሠራል፣ ሳንቲም አይከፈልበትም።

አዲስ_ገቢ፦
በነፃ? ቴክሳስ ውስጥ?

ሂዩስተኗ፦
በነፃ። ሃያ ደቂቃ እንኳን አይሞላም፤ ከመኪና ወርዳችሁ መቆም ትችላላችሁ፣ ዶልፊን የሚታይበት ጊዜ ብዙ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግን ሰልፉ ያሰለቻል። ለወፎቹ ዳቦ መወርወር ከፈለጉ ከጀልባው ኋላ በኩል ብቻ ነው የሚፈቀደው፤ ከፊት ከወረወሩ የሰው መኪና ላይ ነው የሚያራግፉት።

የ18_ጎማ_ሹፌር፦
የኔን ትራክ ጨምሮ።